የወንድይፍራው ደጅ

በዚያ ዓመት ኅዳር ዘነበ። መዝነብ ያልነበረበት ወር ነው። ባቱ ሐይቅ ዳር ያለው ወይን ለመለቀም ጥቂት ቀን ሲቀረው ውሃ ጠጣ። ፍሬው ተሰነጠቀ፤ ከተሰነጠቀበትም ሻገተ። ወይን ጠማቂው ማርቆስ ከገበሬዎቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ቆሞ ደህናውን ከመጥፎው ለየ። ደህናው ጥቂት ነበር። ያንኑ ጭኖ ቀራንዮ ሰፈር ወዳለው ግቢው ገባና ጨመቀ።

መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ። የጠመቃው ክፍል ሞቀ። በጥር የአሮጌ መኪናው ሞተር ነክሶ ቆመ። በየካቲት ከደንበኞቹ ምግብ ቤቶች አንዳንዱ ለመንገድ ማስፊያ ፈረሰ። ማርቆስ ቸኮለ። ወይኑ በርሜል ውስጥ መቆየት የሚገባውን ያህል ሳይቆይ በጠርሙስ ሞልቶ በሰው መኪና ወደ አምቦና ወደ ወሊሶ ሰደደው። ለፋሲካ እንዲደርስ ነበር።

ደረሰ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ደንበኛ ደወለ።

“ማርቆስ፣ ይሄ ነገር አቼቶ አቼቶ ይላል” አለው።

ማርቆስ ቤት ካስቀረው አንዱን ጠርሙስ ከፈተ። ቡሹን አሸተተ። መቅመስ አላስፈለገውም።

እናቱ ወለተጻድቅ በረንዳ ላይ ሆና ታየው ነበር። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በትልልቅ ፊደል “ወንድይፍራው” ይላል። የሟች ባሏ ስም ነው። ወንድይፍራው በሕይወት ሳለ በዚሁ ግቢ ጠጅ ቤት ነበረው። እሱ ሲሞት ጠጅ ቤቱ ተዘጋ፤ ልጁ ማርቆስ ወደ ወይን ዞረና የአባቱን ስም ጠርሙስ ላይ ለጠፈ።

“ስሙ ያለበት ነው” አለች እናቱ። “ሰብስበው።”

ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች።

*

ማርቆስ ራዕይን ያወቃት በአባቱ ለቅሶ ነው። የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በአባቷ ፒክአፕ ጭና የመጣችው እሷ ነበረች። ወንበሩን አራግፋ መሄድ ስትችል ቁጭ አለች። ጭንቅላቱን ተላጭቶ ጥግ የተቀመጠውን ልጅ አየት አደረገችውና ዓይኗን ሰበረች። ማርቆስ ከዚያ ሁሉ አጽናኝ መሐል ያቺን አንዲት እይታ ይዞ ቀረ። ፍቅሩ ከዚያች እይታ በቀለ። ቀስ ብሎ ነው ያደገው፤ ሥሩም የጠለቀው ለዚያ ነው።

ቤተሰቧ አስኮ የሚኖሩ ጴንጤዎች ናቸው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። አባቷ ጋሽ ገመቹ በወጣትነታቸው አገር አቋራጭ ሾፌር ነበሩ። በዚያን ዘመን ጠጪ እንደነበሩ፣ የሚጠጡትም ወንድይፍራው ቤት እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። አሁን የቸርች ሽማግሌ ናቸው።

ማርቆስ ስለ እኚህ ሰው አንድ ለማንም ያልነገረው ነገር አለ። ለቅሶ ብድር ነው። የጋሽ ገመቹ ሚስት የሞተች ጊዜ ወንድይፍራው ሄዶ ቃሬዛ ተሸክሟል፤ ድንኳን ውስጥም ተቀምጧል። ወንድይፍራው የሞተ ጊዜ ግን ጋሽ ገመቹ አልደረሱም። አልደረሱም ሲባል እውነቱ እንዲህ ነው፦ ከደጁ ማዶ፣ ምሰሶ ሥር፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ማርቆስ አያቸው። ጥቂት ቆሙና ባርኔጣውን ደፍተው ተመለሱ። ይህ ነገር በማርቆስ ሆድ ውስጥ እንደ ጠጠር ተቀምጦ ኖረ። የሚወዳት ልጅ አባት ስለሆኑ አላወጣውም። የአባቱ ነገር ስለሆነም አልጣለውም።

ባለፈው ጥቅምት ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ገመቹ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናገዱና፣ “እኔን ከዚያ ቤት ያወጣኝ ጌታ ነው። ልጄን መልሼ አላስገባም” አሏቸው።

በማግስቱ ራዕይ በስልክ ጻፈችለት። “እኔ አልተውኩህም። አንተስ?”

አነበበው። ማንበቡም እሷ ዘንድ ታየ። ምርቱ ሲገባ እጄ ሞልቶ እመልስላታለሁ ብሎ አሳደረው። ከዚያ ኅዳር ዘነበ። ከዚያ ደግሞ አንድ ወዳጁ፣ “ያቺ ልጅ እኮ ከኤልያብ ጋር ጨርሳለች፤ መኪናዋ ውስጥ አብረው አይቻቸዋለሁ” አለው። ኤልያብ የቸርቻቸው ልጅ ነው፤ ባንክ የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ። ማርቆስ ይህን ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ዝም አለ። ዝምታም እንደ ወይን ነው፤ ክዳኑን ካላጠበቁለት ይሆመጥጣል።

*

ማርቆስ ወይኑን የሚሰበስብበት መኪና መፈለጉ ሰፈር ለሰፈር ተወራ። አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ራዕይ ናት።

“መኪና ትፈልጋለህ አሉ።”

ከዚያን ያህል ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር።

“እፈልጋለሁ።”

“ቅዳሜ ሥራ የለንም። አባዬ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ቆይ ላገናኝህ።”

ጋሽ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ማርቆስ።”

“አቤት ጋሽ ገመቹ። እንደምን አሉ?”

“ጌታ ይመስገን። የሚጫነው መጠጥ ነው አሉኝ።”

“የተበላሸ መጠጥ ነው።”

“ተበላሸም አልተበላሸም፣ ለመሸጥ ከሆነ አልጭንም። የተጸለየባት መኪና ናት።”

“ለመሸጥ አይደለም። ሰብስቤ ልደፋው ነው።”

“ለመድፋት ከሆነ እጭናለሁ” አሉ። “ሲደፋ ግን በዓይኔ ማየት አለብኝ።”

“እሺ።”

“ዓይኔ ስለደከመ የምትነዳው ራዕይ ናት። እኔ መሐል እቀመጣለሁ። ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ፣ ፌርማታው ጋ ጠብቀን። ደጃችሁ ድረስ አንመጣም።”

ማርቆስ ስልኩን ዘጋ። ደስ ይበለው ይክፋው አላወቀም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ፒክአፗ ፌርማታው ጋ ስትቆም ራዕይ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። ጋሽ ገመቹ ወደ መሐል ጠጋ አሉለት። ማርቆስ ገባና በሩን ዘጋ።

“እንጸልይ” አሉ ጋሽ ገመቹ። “ጌታ ሆይ፣ ባዶ መኪና ይዘን እንወጣለን። ምን ጭነን እንደምንመለስ አንተ ታውቃለህ። ጭነቱን ሳይሆን ሰዎቹን ጠብቅ።”

“አሜን” አለች ራዕይ።

“አሜን” አለ ማርቆስ።

ጋሽ ገመቹ ዘወር ብለው አዩት። “እናንተም አሜን ትላላችሁ?”

“ከእኛ ነው እኮ የወሰዳችሁት፣ ጋሽ ገመቹ።”

ራዕይ ሳቋን ዋጠች። ሽማግሌውም ፈገግ ሊሉ ዳድቷቸው ነበር፤ ተዉት።

አስኮን አለፉ፤ ቡራዩን አለፉ። ጭጋጉ ከመናገሻ ተራራ ላይ እንደ ጋቢ እየተገፈፈ ወረደ። መሬቱ ታርሶ ቀይ ሆኗል፤ የመጀመሪያውን የግንቦት ዝናብ ይጠብቃል። ማርቆስ በመስኮት ሲያይ ቆይቶ ቀና አለ። በውስጠኛው ስፖኪዮ ውስጥ የራዕይ ዓይን ነበር። ሁለቱም አልሸሹም።

“መንገዱን እይ” አሉ ጋሽ ገመቹ።

“እያየሁ ነው አባዬ።”

“መንገዱ ስፖኪዮ ውስጥ የለም።”

ሆለታ ላይ አንድ ምግብ ቤት፣ ጊንጪ ላይ አንድ ምግብ ቤት ቆሙ። ማርቆስ በየቤቱ እየገባ፣ “ይቅርታ፣ ሥራዬ ተበላሽቷል፣ መልሱልኝ” አለ። ይህን ማለት እንደ እሾህ ነበር። አንዱ አዘነለት። አንዷ፣ “ጨዋ ልጅ ነህ፤ በጨዋነትህ ግን ትደኸያለህ” አለችው። ሳጥኖቹን ተሸክሞ ሲወጣ ራዕይ ወርዳ የኋላውን መዝጊያ ከፈተችለት። ሳጥኑን ሲያቀብላት ጣታቸው ተነካካ። እሷ ጣቷን ቶሎ አነሳች። ማርቆስ ያን ቶሎ መነሳት ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስለው ዋለ። ቂም ነው ወይስ ሌላ?

*

አምቦ ሲደርሱ ምሳ ሆኖ ነበር። ከጭነቱ የሚበዛው ደሜ ዘንድ ነው። ደሜ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ትልቅ የአትክልት ስፍራ ያለው ምግብ ቤት አለው። ለጋሽ ገመቹ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው፤ እሳቸውም በዚያው መለሱ። ጥብስ ቀረበላቸው። ማርቆስ ግን ቁጭ አላለም።

“ወይኑን አውጣልኝ ደሜ።”

“ለምን ትወስደዋለህ?”

“ሆምጥጧል አልኩህ እኮ።”

“ይሆምጥጥ። እዚህ ያለ ወጣት ወይን የሚጠጣው በኮካ ነው። ኮካ ከገባበት ንግሥተ ሳባ ራሷ ተነስታ ብትመጣ አትለየውም።” ደሜ በራሱ ቀልድ ሳቀ። “ተወው። አንተ አትከስርም፣ እኔም እንግዳዬን አላጣም።”

“አይሆንም።”

“ሆድ ይጎዳል?”

“አይጎዳም።”

“ታዲያ? ጠጪው ካልተናገረ አንተ ምን አገባህ?”

“ጠጪው ስለማይናገር ነው እኔን የሚያገባኝ” አለ ማርቆስ። “የአባቴ ስም አለበት። ለሰው የማይሆነውን አልቀዳም።”

የጋሽ ገመቹ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

“ምን አልክ?” አሉት።

“ለሰው የማይሆነውን አልቀዳም ነው ያልኩት።”

ጋሽ ገመቹ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡና ወደ መኪናው ሄዱ።

“ምን ነካቸው?” አለ ደሜ።

ማርቆስ አላወቀም። ስለ መጠጥ በማዕድ ላይ በማውራቱ የተቀየሙ መሰለው። ደሜ እያጉረመረመ ሳጥኖቹን አስወጣ። ሲጭኑ ጋሽ ገመቹ ከመኪናው ኋላ ቆመው ነበር። አንዱን ጠርሙስ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ፊደሉን ማንበብ ሲያቅታቸው በጣታቸው ዳሰሱት።

“የአባትህ ስም ነው?”

“አዎ።”

“ሁሉም ላይ አለ?”

“ሁሉም ላይ።”

ጠርሙሱን ቀስ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ አድርገው መለሱት። ማርቆስ ይህን አየ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም።

*

ከአምቦ ወደ ወንጪ መንገዱ ሽቅብ ነው። ብርዱ መጣ፤ እንሰቱ ጥቅጥቅ አለ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሐይቁ ከታች ተገለጠ፤ ደሴቷ መሐል ላይ እንደ ተዘነጋ ጀልባ ቆማለች።

“አቁሚ” አሉ ጋሽ ገመቹ። “ልጸልይ።” ወርደው ራቅ አሉና ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

ራዕይ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ማርቆስም በሌላው በር ወረደ። መኪናዋ በመሐላቸው ቀረች።

“አነበብከው” አለች።

“አነበብኩት።”

“ማንበብህን አየሁ። ስልኬን እያየሁ አሁን ይጽፋል፣ አሁን ይጽፋል እል ነበር። በኋላ ስልኬን ማየትም አሳፈረኝ።”

“ምርቱ ሲገባ ልመልስልሽ ነበር። ባዶ እጄን እንዳልመጣ።”

“እጅህን ማን ጠየቀህ? ‘አንተስ?’ ነው ያልኩህ። አንድ ቃል።”

“ከዚያ ደግሞ ኤልያብ…”

“ኤልያብ ምን?”

“መኪናሽ ውስጥ አይተውታል። ጨርሰዋል አሉኝ።”

ራዕይ አፏን ከፍታ አየችው። “ስፒከር ነው የጫንኩለት። የቸርቹን ስፒከር። ሲሪየስ ነህ? በስፒከር ቀንተህ ነው መንፈቅ ሙሉ ዝም ያልከኝ?”

ሊስቅ ፈለገ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሲያይ ተወው።

“ውሸት ብቻ ግን አይደለም” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ጠይቆኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ብሆን ነው ክፉ የምለው። አባዬ እሑድ መልስ ስጪው ብሎኛል።”

“ነገ?”

“ነገ።”

ነፋሱ ከሐይቁ ላይ ተነስቶ ሻሿን ገለበጠው። አላስተካከለችውም።

“ምን ትዪዋለሽ?”

“አይሆንም እለዋለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ሰው አይሆንም የሚባል ከሆነ በጊዜ ይባላል። ዝም ተብሎ አይተውም።”

ማርቆስ መኪናዋን ዞሮ ወደ እሷ መጣ። “ራዕዬ፣ እንሂድ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም። ማንም አይከለክለንም።”

“አውቃለሁ።”

“እና?”

ወደ ድንጋዩ አመለከተች። ጋሽ ገመቹ አጎንብሰዋል። ጀርባቸው ከሩቅ ትንሽ ይመስላል።

“እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን። ዓይኑ እኔ ነኝ። አባቴን መንገድ ላይ አውርጄ አልነዳም፣ ማርኬ። እሱ እሺ ካላለ ወደ አንተ አልመጣም። ወደ ሌላም አልሄድም። እዚያው አስኮ እቀራለሁ። ይሄን ልነግርህ ነው መኪናውን ያመጣሁት። ቁርጥህን እወቅ።”

ማርቆስ ወደ ሽማግሌው ጀርባ አየ። ያቺ ጠጠር ሆዱ ውስጥ ተንቀሳቀሰች። እኚህ ሰው ለአባቴ ለቅሶ መድረስ ያቃታቸው፣ ሊል አማረው። የሴት ልጃቸውን ፊት አየና ተወው።

“እኔም አልተውኩሽም” አለ በመጨረሻ።

“ዘገየህ።”

“አውቃለሁ።”

“ቢሆንም ሰማሁ” አለች። ዘወር ብላ ሻሿን አስተካከለች። ማርቆስ እጇን መያዝ እየፈለገ፣ አጠገቧ ቆሞ፣ ሳይዘው ቀረ።

*

ወሊሶ የመጨረሻዋ ደንበኛ ሶሊ ናት። ትንሽ ሎጅ አላት። ጠርሙሶቹን አንድም ሳታጎድል አስረከበችና ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

“ምነው ከለቅሶ የመጣችሁ መሰላችሁ?” አለች።



“እንግዲህ ሙሉ ነው” አሉ ጋሽ ገመቹ ጭነቱን እየዳሰሱ። “እዚሁ ከከተማው ወጣ ብለን እንድፋው።”

“የሰው ማሳ ላይ ሆምጣጣ አልደፋም፣ ጋሽ ገመቹ። ጠርሙሱም ለሚቀጥለው ያስፈልገኛል። እኛ ግቢ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ።”

“የት?”

“እኛ ግቢ። ቀራንዮ።”

ጋሽ ገመቹ ወደ መኪናው ገቡ። ቅድመ ሁኔታውን ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው፤ በዓይኔ ካላየሁ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰው ለሌላው ባጠረው አጥር ራሱ ሲታጠር እንዲህ ነው።

ቱሉ ቦሎን አለፉ። ፀሐይ ከኋላቸው ሆነች። ኋላ ያሉት ጠርሙሶች በጉድጓዳማው መንገድ ላይ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ሰበታ ሳይደርሱ ጋሽ ገመቹ ተናገሩ። የሚያወሩት ለፊት መስታወቱ ይመስል ነበር።

“አባትህ ከእጄ ብርሌ ነጥቆኛል።”

ማርቆስ ዞረ።

“ሰው በሞላበት። ደመወዜን ተቀብዬ ቀጥታ እሱ ቤት ነበር የገባሁት። ሚስቴ ራዕይን አዝላ ደጁ ላይ ቆማለች። መግባት አፍራ። እኔ አይቻታለሁ፤ አይቼ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። አባትህም አያት። መጣና ብርሌውን ከእጄ ወሰደው። ‘ገመቹ፣ ላንተ ከእንግዲህ አልቀዳም። ለሰው የማይሆነውን አልቀዳም’ አለኝ። አምቦ ላይ አንተ ያልከውን ቃል።”

“እኔም ነበርኩ?” አለች ራዕይ ቀስ ብላ።

“ጀርባዋ ላይ ነበርሽ።” ጋሽ ገመቹ ትንፋሽ ወሰዱ። “በዚያ አላበቃም። ለጠጅ ቤት ባለቤቶች ሁሉ ነገራቸው። ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ የሚቀዳልኝ ጠፋ። ጠላሁት። ልገድለው አስቤ አውቃለሁ። ጌታን ያገኘሁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ እጄ ባዶ ሲሆን። በየምስክርነቱ ቆሜ ‘ጌታ ብርሌውን ከእጄ ወሰደ’ እላለሁ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ ይላል። በማን እጅ እንደወሰደው ግን ተናግሬ አላውቅም። ጠጅ ሻጭ ነው ማለት አፍሬ።”

ራዕይ የመኪናዋን ፍጥነት ቀነሰች።

“ሚስቴ ስትሞት መጣ። እሱ ሲሞት እኔ…”

“መጥተው ነበር” አለ ማርቆስ።

ሽማግሌው ደነገጡ።

“ምሰሶው ሥር ቆመው ነበር። ባርኔጣዎን አውልቀው። አይቼዎታለሁ።”

“አይተኸኛል?”

“አይቻለሁ።”

“ይሄን ሁሉ ዓመት?”

“ይሄን ሁሉ ዓመት።”

“ሽማግሌ ስትልክም ታውቅ ነበር? ስመልሳቸውም?”

“አውቅ ነበር።”

“ለምን አልተናገርክ?”

ማርቆስ ወደ ውጭ አየ። “የራዕይ አባት ነዎት” አለ።

ራዕይ መሪውን አጥብቃ ይዛለች። እንባዋ ጉንጯን ሲወርድ አልጠረገችውም። ጋሽ ገመቹም መንገዱን እይ አላሏትም።

*

ቀራንዮ ሲደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጁ ላይ ቆመች። ማርቆስ የግቢውን በር ከፈተና ሳጥኖቹን ወደ ጉድጓዱ ማመላለስ ጀመረ። ጋሽ ገመቹ አልወረዱም።

“ከዚሁ ሆኜ አያለሁ” አሉ።

“አባዬ፣ አንተ እኮ የእጅህን ጣት እንኳ በደንብ አታይም” አለች ራዕይ።

ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው እንደያኔው ቆመ፤ ማርቆስ ሳጥን እንደተሸከመ ባለበት ቀጥ አለ። ይመለሳሉ ብሎ ፈራ። አሁን ቢመለሱ ይህቺ ሴት አስኮ ቀረች፤ እሱም እዚህ ቀረ።

ጋሽ ገመቹ ደፉን ተሻገሩ።

ጉድጓዱን አልፈው ሄዱ፤ ጠርሙሶቹን ዞር ብለው አላዩም። በረንዳው ላይ ወለተጻድቅ የድሮው ጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ሰው ሲመጣ ቀና አለች። አወቀቻቸው። ቢላዋውን አስቀመጠች። ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አወለቀችና ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰችው፤ ሀዘንተኛ እንደሚለብሰው። ያኔ ማርቆስ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ።

ጋሽ ገመቹ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ።

“እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ወለተጻድቅ” አሉ።

“ዘግይተሃል፣ ገመቹ።”

“ዘግይቻለሁ።”

ለቅሶ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ሳልሰማ ቀርቼ ነው ይላል። የሰማም ቢሆን ይላል። ሀዘንተኛውም ባያምን ይቀበላል። ወጉ እንዲህ ነው፤ የሁለቱንም ፊት ያድናል። ጋሽ ገመቹ ወጉን ትተው ፊታቸውን ሰጡ።

“ሰምቼ ነው የቀረሁት” አሉ። “ደጅሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ከጠጅ ቤት ገባ እንዳይሉኝ። ባልሽ ከእጄ ብርሌ ባይነጥቀኝ ኖሮ ያቺ ልጅ አባት አልነበራትም። ይሄን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ነገ ቸርች ቆሜ ስሙን እጠራለሁ። ዛሬ ግን ለቅሶዬን ልድረስ።”

ወለተጻድቅ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ጋሽ ገመቹም ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እንደያዙ አለቀሱ። ማርቆስ ሆዱ ውስጥ ያቺን ጠጠር ፈለጋት። አጣት። ባዶ ቦታዋ ብቻ ያማል።

ሲበቃት ወለተጻድቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሳች። ወደ ቤት ገባችና ብርሌ ይዛ ወጣች። በውስጡ ያለው ወርቃማ ነበር። ጋሽ ገመቹ ሲያዩት እጃቸውን ሰበሰቡ።

“ብርዝ ነው” አለች። “ማሩን ዛሬ ጠዋት ነው የበጠበጥኩት። አልፈላም። ላንተ የማይሆነውን እኔም አልቀዳም።”

በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ብርሌ ለመጨረሻ ጊዜ በእጃቸው ከያዙ ወዲህ ያኔ የታዘለችው ሕፃን አድጋ ሴት ሆናለች። ቀመሱ። ጠጡ።

“ያቺ ልጅ ለምን ደጅ ትቆማለች?” አለች ወለተጻድቅ።

ራዕይ ከበሩ ውጭ ነበረች፤ አንድ እጇ መኪናዋ ላይ ነው። የቆመችው እናቷ ያኔ እሷን አዝላ በቆመችበት ቦታ ላይ ነው። ማርቆስ አያት። አየችው። 

ጋሽ ገመቹ ወደ በሩ ዞሩ። ዓይናቸው እዚያ ድረስ አያደርስም። የት እንደቆመች ግን ያውቃሉ።

“ራዕይ።”

“አቤት አባዬ።”

“ግቢ ልጄ” አሉ። “እዚህ ቤት ግቢ።”

ደፉን ተሻገረች። ማርቆስ እጁን ዘረጋላት፤ ያዘችው፤ አባቷ ፊት አልለቀቀችውም። ጋሽ ገመቹ የእግሯን ኮቴ ሰምተው ጭላጩን ጠጡና ባዶውን ብርሌ በወለተጻድቅ እጅ ላይ መለሱ።